የታንኳ ቅርጽ በሸክላ፦ መሐሉ ይሰነጠቃል፣ ቀዛፊው ይፈነዳል

ደንገሏ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ነኝ። በሸክላ የምሠራው የጣና የደንገል ታንኳና ቀዛፊ አለ (ደንገል ማለት ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም አገዳ ያለው ተክል ነው)፤ ተተኩሶ ሲያልቅ ታንኳው 63 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ የተቀመጠው ቀዛፊ 26 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ነው ያሰብሁት። ጭቃው ከፎገራ ሜዳ የመጣ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም። የሚተኮሰው ሜዳ ላይ በኩበት ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ የለም።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ከፎቶ እያየሁ ስሠራው ለቱሪስት የሚሸጥ ጌጥ ይመስላል፤ ታንኳ መሆኑስ ታንኳ ነው፣ ግን ነፍስ የለውም። ሁለተኛ፣ ገና ሳይተኮስ፣ ጥላ ውስጥ እንዳለ ወገቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ቀዛፊው እሳት በገባ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይፈነዳል። ውስጡ አየር ቀርቶ ነው ይሉኛል፤ በመርፌ ብወጋጋውም ለውጥ የለም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ገል_ለቃሚ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ሐሳቡን ሌላ ሰው ይመልሰዋል።

ዋልካ ብቻውን ለቅርጽ አይሆንም። ክረምት አብጦ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር እኮ ነው፤ ሜዳው ላይ የሚያደርገውን ጠረጴዛሽም ላይ ያደርገዋል። ምን ያህል እንደሚኮማተር ለማወቅ 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ስፋት፣ 1 ውፍረት ያለው ጭቃ ቁረጪና ላዩ ላይ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር በቢላ አስምሪበት። ክው ብሎ ሲደርቅ መስመሩን ለኪ። 9.4 ከሆነ 6 በመቶ ነው፣ ደህና። 8.8 ካየሽ ግን 12 በመቶ ነው፤ 70 ሴንቲ ሜትር ታንኳ ላይ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ያ ሁሉ ሲያጥር ሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል ሊመጡ ይፈልጋሉ፣ ሆዱ ደግሞ ጣውላው ላይ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ይላል። የሚለቀው ወገቡ ነው። ስንጥቁ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ መምጣቱ ይህንኑ ይመሰክራል።

ድብልቁን በዚህ ጀምሪ፦ ሁሉም ደረቅ ሆኖ፣ በአንድ ዓይነት ጣሳ፣ 2 ጣሳ ቀይ ወይም ቡናማ የሸክላ አፈር፣ 1 ጣሳ ዋልካ፣ 1 ጣሳ የተወቀጠ ገል፣ ማለትም የተተኮሰ ሸክላ ስብርባሪ። ዋልካው እንዲያያዝና እንዲለጠጥ ያደርገዋል፤ ገሉ አንዴ በእሳት ስላለፈ ከእንግዲህ አይኮማተርም፣ ለእንፋሎቱም መውጫ ይተዋል። ግን ይህ መነሻ ብቻ ነው፤ ያው የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ይፍረድ።

ገሉን ግማሹን በመስኮት የትንኝ ሽቦ፣ ግማሹን በሻይ ማጥለያ ንፊው። ሁሉም ዱቄት ከሆነ ጭቃውን ከመኮማተር አያድነውም፤ ከምስር የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ፊት ስትሠሪ ከቢላው ሥር እየተነቀለ ጭረት ይተዋል። የጀበናና የማሰሮ ስብርባሪ ይሆናል። ሲሚንቶ ወይም ኖራ የነካው የግንብ ጡብ ግን አይሆንም።

ስለ ኖራ ካነሣን፣ ዋልካው ውስጥ ነጫጭ ጠጠር ካየሽ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ከደፈቀ ኖራ ነው። እሳቱ ላይ ምንም አይልም፤ ሥራው ተጠናቅቆ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ከቀናት በኋላ ነው የአየሩን እርጥበት ስቦ የሚያብጠው። የሳንቲም ያህል ላዩን ፈንቅሎ ይጥላል፣ በጉድጓዱ መሐል ነጭ ነጥብ ትቀራለች። መድኃኒቱ ማጥለል ነው። አፈሩን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ክው አድርጊው፣ ከስክሺው፣ ከዚያ ውኃው ላይ ነስንሺው። ደረቅ አፈር ውኃ ውስጥ በደቂቃዎች ይፈርሳል፤ እርጥቡን ከዘፈዘፍሽው ሳምንት ቢቀመጥም ልቡ አይርስም። በትንኝ ሽቦ ካጠለልሽው በኋላ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ አጥፍፊው፣ ገሉን ደባልቀሽ እሺው፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተይው። ሲሸት አትደንግጪ፤ የሚታዘዘው የሸተተ ጭቃ ነው።

ጥላና_ብርሃን፦

ነፍስ የለውም ላልሽው፦ ፎቶውን ተይው። ፎቶ ታንኳውን ከአንድ ጎን ያሳይሻል፣ ያንንም ጠፍጣፋ አድርጎ። የታንኳ ቅርጽ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ደንገሉ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ እስሩ በእስር ጎን ይደረደራል፣ ጫፉ በገመድ ተወጥሮ ሽቅብ ይቀለበሳል። ጣውላ የለ፣ ምስማር የለ። ሠሪዎቹ ሲያስሩ ግማሽ ቀን ተቀምጠሽ እይ፤ ገመዱ ሲጠብቅ እስሩ የት እንደሚታነቅና የት እንደሚያብጥ ልብ በይ። ሸክላ ሠሪም ጋኑን የምታቆመው ጭቃ አድቦልቡላ ዙር በዙር እየደራረበች ነው። ሁለቱ ሙያዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህ ሐሳብ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ይልቅ ለጭቃ የሚስማማው ለዚህ ነው። ስለዚህ ታንኳውን ከአንድ ጉብታ ጭቃ ፈልፍለሽ አታውጪው፣ እስር በእስር አስተሳስሪው። ገመዱን ክር በክር አትቅረጪ። አውራ ጣትሽን ጫን አድርገሽ ስትጎትቺ የሚቀረው ጎድጓዳ ምልክት ገመድ ነው፤ ሌላው ጥልፍ ነው፣ ጌጥ የሚያስመስለውም እሱ ነው።

ለመንደፍ ሰዓት ምረጪ። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች ከዳር ቆመሽ ጣናን ስታዪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ብርሃኑ ከቀኝሽ፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ከግራሽ በአግድም ይመጣል። እያንዳንዱ እስር ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጥላ ይሆናል። ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ስለሚጠፈጠፍ ቤትሽ ግቢ። አሥር ንድፍ፣ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ፣ የውጭው መስመር ብቻ። ከዚያ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ፣ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ አምስት ጭቃ ሞዴሎች ሥሪ። እዚያ ላይ ያልታየ ነገር ትልቁ ላይ አያስፈልግም።

ሞዴሎቹን ስትሠሪ ክብደቱ የት እንደሆነ ወስኚ። ማገዶ የጫነ ታንኳ ውኃው ውስጥ ገባ ብሎ ጫፉ ብቻ ይታያል። ባዶው አፍንጫውን ያነሣል። ውኃ የጠገበው አሮጌው ደግሞ ጎኑ ሰፍቶ ወገቡ ይረግባል፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። አንዱን ምረጪ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም።

በጎንደር አጠገብ በወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩትን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ካገኘሽ ቀረብ ብለሽ እይ። አንበሳው፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ዓይን ማለት አንድ ቀዳዳ፣ አፍ ማለት አንድ ጭረት። እግርና አንገት ወፍራምና አጭር ነው፣ ምክንያቱም ቀጭኑ እሳቱን አያልፍም። ያ አቀራረጽ ያማረው ከጭቃው ጋር ስላልተጣላ ነው።

እና እኔ ብሆን ቀዛፊውን እተወዋለሁ። ለማድረቅ ዳር ላይ ተደግፎ የቆመ ባዶ ታንኳ ብቻውን ይበቃል።

ደንገሏ፦

ቀዛፊውን አልተውም። ክብደቱን የሚያሳየኝ እሱ ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ስለተቀመጠ ነው አፍንጫው የሚነሣው።

ጥላና_ብርሃን፦

ምክንያት ካለሽ ይቆይ። እንግዲያው ወደ ኋላ በደንብ አስቀምጪው፣ ከርዝመቱ ሦስት አራተኛ ላይ። መሐል ላይ ካስቀመጥሽው ያው ጌጥ ይሆናል።

እጀ_ጭቃ፦

እስር በእስር የሚለው ልክ ነው፣ ግን 4 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ድፍን ጥቅል ላዩ ደርቆ ልቡ እርጥብ ይቀራል፤ እሳት ላይ ይበተናል። እስሩ ቱቦ መሆን አለበት።

ጭቃውን በጠርሙስ ዳምጠሽ 8 ሚሊ ሜትር አድርሺው። አውራ ጣት የሚያህል ደረቅ የደንገል አገዳ ውሰጂ፣ ጋዜጣ ሁለት ዙር ጠቅልይበት፣ ከዚያ በላዩ ጭቃውን ጠቅልለሽ ስፌቱን አጣብቂ። ጋዜጣውን አትዝለይ። ደንገሉ ባዶውን ከሆነ የጭቃውን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጭቃው ደግሞ ይኮማተራል፤ ቱቦው በርዝመቱ ይተረተራል። ጠፈፍ ሲል፣ ማለትም ጥፍር ስትጫኚው ምልክት ይዞ ስታነሺው ግን የማይጎብጥ ሲሆን፣ አገዳውን እያዞርሽ ምዘዢው። ጋዜጣው ውስጥ ቢቀርም እሳቱ ይበላዋል። በእያንዳንዱ ቱቦ ሆድ ሥር፣ በማይታይበት በኩል፣ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ክፈቺ።

ሲጋጠሙ ሁለቱንም ገጽ በሹካ ቧጭሪ፣ ከዚያው ጭቃ እንደ እርጎ የቀጠነ ቀቢበት፣ ውኃው በጎን እስኪወጣ ድረስ ገፍተሽ አጋጥሚ፣ ስፌቱን በማንኪያ ጀርባ ደምስሺው። ለማጣበቂያው የሽንት ቤት ወረቀት በውኃ አድቅቀሽ፣ ጨምቀሽ፣ ለሦስት እፍኝ ጭቃ አንድ እፍኝ ብትጨምሪ ቃጫው ስፌቱን ይይዘዋል። ሁሉም እስር እኩል ጠፈፍ ማለት አለበት። ትናንት የተሠራውና ዛሬ የተሠራው እኩል አይኮማተሩም፤ ቀድመው የተሠሩትን በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ሸፍነሽ ጠብቂያቸው።

መጠኑን ቀድመሽ አስቢ። ሙከራሽ በድርቀትና በእሳት ተደምሮ 10 በመቶ ካሳየ፣ 63ን ለ0.9 አካፍዪ፤ 70 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ትሠሪያለሽ።

ጣውላው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ደረቅ አሸዋ ንፍተሽ፣ በላዩ ጋዜጣ አንጥፈሽ፣ ታንኳውን እዚያ ላይ ሥሪው። ሲያጥር አሸዋው እንደ ኩሽኔታ ያንሸራትተዋል። ለአፍንጫው ድጋፍ ድንጋይ ወይም እንጨት አታቁሚበት፤ ታንኳው እያነሰ ሲወርድ ድንጋዩ ባለበት ይቆማል፣ አፍንጫው አንገቱ ላይ ይቆረጣል። ከዚያው ጭቃ የተሠራ ቋሚ አድርጊበት፣ መሐላቸው ጋዜጣ አስገቢ። ቋሚው አብሮ ያጥራል።

ቀዛፊውን ለብቻው፣ ከታች ክፍት፣ ግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሥሪው። ጭንቅላቱንም ጭምር ክፍት አድርጊው፦ ጠፈፍ ሲል በክር ቆርጠሽ አንሺ፣ በማንኪያ ፈልፍዪ፣ በአንገቱ በኩል ከሆዱ ጋር አገናኚውና መልሰሽ ግጠሚ። መቀመጫው ከታንኳው ጋር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ይበል። ለየብቻ ተተኩሰው ኋላ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ይያያዛሉ። አንድ ላይ ከተኮስሻቸው አንዱ ሲሰበር ሌላውንም ይዞ ይሄዳል።

መድረቁ በበጋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ በክረምት ከወር አይተናነስም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ የሚመታው መስኮት ሥር አታስቀምጪው፤ በነፋሱ በኩል ያለው ጎን ቀድሞ ደርቆ ታንኳውን ያጣምመዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉንም በላስቲክ ሸፍኚ፣ በሁለተኛው ወገቡን ገልጠሽ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ሸፍኚ። ቀጭኑ ቦታ ወፍራሙን መጠበቅ አለበት።

የኩበት_እሳት፦

ልጄ፣ አየር ነው የሚሉሽ ተሳስተዋል። አየር በጭቃው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። የሚያፈነዳው ውኃ ነው። ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ ግድግዳውን ገንጥሎ ይወጣል። ባሕር ዳር ደግሞ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው መቶ ዲግሪ አይጠብቅም፣ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። በሩብ ሰዓት የፈነዳው ስላልደረቀ ነው። መርፌ ወግተሽ እርጥብ ጭቃ አታድኚም።

ድስትና ጀበና በሜዳ እሳት ለምን ይተርፋሉ ብትዪ፣ ግድግዳቸው ቀጭን ነው፣ አፋቸው ክፍት ነው፣ ሙቀቱ ከውስጥም ከውጭም ይገባል። ያንቺ ቀዛፊ ዝግ ነበረ።

መድረቁን በጉንጭሽ እይ። ጉንጭሽ ላይ ስታስጠጊው ከቀዘቀዘሽ ገና ነው። ከዚያ የሚሻለው ሚዛን ነው፤ በየቀኑ መዝኚ፣ ሁለት ቀን ተከታትሎ አንድ ግራም ካልቀነሰ ለአየሩ የሚሰጠውን ሰጥቶ ጨርሷል። ይህም ሆኖ ልቡ ውስጥ የሚቀር እርጥበት አለ፣ በተለይ በክረምት። እሱን በማሞቅ ታወጪዋለሽ፦ የዳቦ ምድጃ ካለ 80 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ። ካልኖረ የፍም ዳር ላይ፣ እጅሽ ሊታገሠው በሚችለው ርቀት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያዞርሽ ከ5 እስከ 6 ሰዓት። ቀዝቃዛ መስታወት አጠገቡ ያዢ፤ መስታወቱ ላብ ካወጣ ገና ውኃ እየተነፈሰ ነው።

እሳቱን ግን ሜዳ ላይ አልመክርሽም። ሜዳ ላይ ነፋስ በመጣ ቁጥር አንዱ ጎን ይቀላል፣ ሌላው ይጠቁራል፤ 70 ሴንቲ ሜትር ነገር ላይ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ሲሰፋ ይሰነጠቃል። በጡብና በጭቃ፣ ሲሚንቶ ሳይነካው፣ ውስጡ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምድጃ ሥሪ። ከሥር የማገዶ ዋሻ፣ በላዩ በጡብ የተረበረበ ወለል፣ አናቱን በተሰበረ ምጣድና በገል ክደኚ። ሲሚንቶ በእሳት ይፈርሳል፣ ጭቃ ግን አብሮ ይበስላል። ታንኳውን በገል ፍርፋሪ ላይ አስቀምጪው፣ እዚያም መንሸራተት አለበት።

ማገዶው ቀጭን የተፈለጠ ደረቅ ባሕር ዛፍ። የመጀመሪያውን 4 ሰዓት ከዋሻው አፍ ውጭ ፍም ብቻ። ከዚያ እስከ 300 ዲግሪ በሰዓት ከ50 አትለፊ፣ እስከ 600 በሰዓት ከ80። በዚህ መሐል ከ450 በኋላ ጭቃው ውስጥ የታሰረው ውኃ ይወጣል፤ ጭቃ መሆኑ የሚያበቃው ያኔ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ በዓይን እይ፣ ለዚያም ሲመሽ መተኮስ ይሻላል። ጨለማ ውስጥ ደብዛዛ ቀይ ካየሽ ወደ 600 ነው፣ ደማቅ ቀይ 800 አካባቢ፣ ወደ ብርቱካን ሲያደላ 950። እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ያዢውና አቁሚ። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ስለሆነ ከ1,100 ሲያልፍ ማበጥና መቅለጥ ይጀምራል፤ የበለጠ ሙቀት የበለጠ ጥንካሬ አይደለም።

ስታቆሚ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኝ። 573 ዲግሪ ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በአንድ ጊዜ መጠኑን ይለውጣል፤ ወደ ላይ ሲያልፍም ወደ ታች ሲመለስም። በመመለሻው ላይ ነፋስ ካስገባሽበት «ቲክ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ ጠዋት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታገኛለሽ። አንድ ቀን ሙሉ አትክፈቺ።

ደንገሏ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ታንኳው እንደ ጀበና ጥቁር እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ ቀዛፊው ቀይ ይሁን። እንዴት? ሌላው መቅዘፊያው ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ዘንግ በጭቃ ስሠራ ይጣመማል።

የኩበት_እሳት፦

ለየብቻ ስለምትተኩሻቸው ቀላል ነው። ቀዛፊውን እንዳልሁሽ ንጹሕ እሳት ስጪው፣ ቀይ ይወጣል። ታንኳውን ግን ገና ጠፈፍ እንዳለ በለስላሳ ጠጠር ድንጋይ ወልውዪው፤ ጥቁረቱ የሚያበራው የተወለወለ ላይ ነው። እሳቱ 800 አካባቢ ሲደርስ ማገዶውን አውጪ፣ ደቃቅ ደረቅ ኩበትና ጭድ በአናቱ ድፊበት፣ ወዲያው የዋሻውን አፍና አናቱን በእርጥብ ጭቃና በአመድ ድፈኝ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ጥቀርሻው ጭቃው ውስጥ ይገባል። አንዲት ቀዳዳ ከቀረች በዚያ በኩል ቀይ ምላስ የመሰለ ነገር ይወጣል። ትኩስ እንዳለ ከከፈትሽው አየሩ ጥቀርሻውን መልሶ ያቃጥለዋል፤ እጅሽን የማያቃጥል እስኪሆን ጠብቂ።

ገል_ለቃሚ፦

የምትወለውዪው ገጽ ላይ ግን ገሉ እንዳይቧጭርሽ፣ ያለ ገል በጨርቅ የተጠለለ ያንኑ ጭቃ እንደ ወተት አቅጥነሽ ሁለት ጊዜ ቀቢው፣ ከዚያ ወልውዪ። ወፍራም ከቀባሽው ሲደርቅ ይላጣል።

እጀ_ጭቃ፦

መቅዘፊያውን በጭቃ አትሥሪ። ቀጭን ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ከተተኮሰ በኋላ ይገባል። የዘንጉ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ መዳፉ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ጭቃው ጠፈፍ ሲል 9 ሚሊ ሜትር አድርገሽ ክፈቺው፤ ተኮማትሮ ወደ ስምንት ይጠጋል። ጠበብ ካለ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው እንጂ መዳፉን አትፋቂው፣ ጣቶቹ ይረግፋሉ። ሁለቱ መዳፎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ደግሞ ጭቃው እርጥብ ሳለ በቀጥ ያለ ሽቦ አሳልፈሽ ፈትሺ፤ ከተተኮሰ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።